ድኝ በደረቁ የተጠረገበት ቀን

ለፈረሴ ድኝ ፍለጋ ከእንጅባራ ዳንግላ ድረስ መሄዴን ልጆቼ እንደ ጅልነት ቆጥረውታል። «አባባ፣ መርፌ አለ እኮ፤ ሐኪሙን ያስጠሩ» ይሉኛል። መርፌውንም ሐኪሙንም አልጠላሁም። ግን እከክ የያዘው ፈረስ ድኝ በዘይት ተለውሶ ፀሐይ ላይ ሲታሽ ነው የሚድነው ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ በሰባ ዓመቴ ሃይማኖት አልቀይርም። ፈረሱም እንደ እኔው አርጅቷል፤ ጥር ላይ ለፈረሰኞች በዓል ፈረሰኛው ሲወጣ ከአጥር ሥር ቆሞ ጆሮውን ከማቆም በቀር የሚያደርገው የለም። ቢሆንም አካሉን ሲያክ እያየሁ ዝም ማለት አልቻልኩም። ስለዚህ ባለፈው ወር በሚኒባስ ተሳፍሬ ዳንግላ ገበያው ዳር ወደሚነግዱት ወደ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድኩ። ሐጂ ከላይኛው መደርደሪያ አንድ የዛገ ቆርቆሮ አውርደው ክዳኑን በማንኪያ ጀርባ ፈነቀሉት። ቢጫው ዱቄት ብን አለ። ሽታው አፍንጫዬን ሲወጋው አጠገቤ የነበረው የባቄላ ኩንታል ላይ ተቀመጥኩ።

ከበስተኋላዬ «ሐጂ፣ እባክዎ ይክደኑት» የሚል የሴት ድምፅ ሰማሁ። ጌሾ ልትሸጥላቸው የመጣች አሮጊት ናት። ነጠላዋን እስከ አገጭዋ ድረስ ተሸፋፍናለች። ድምፁን አወቅሁት ልበል? ዋሸሁ፤ ያወቅሁት እጆቿን ነው። የቀኙ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣቷ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል፤ የሁለቱም እጆቿ ቆዳ እንደ ተጨማደደ ወረቀት ያብለጨልጫል። እንዲህ ያለ እጅ በዚህ ዞን አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እንዴት እንዲያ እንደሆነም ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም። «እናንየ!» አልኩ። እሷም አየችኝ። «ይበልጣል ነህ? አንተም እንደ እኔው ገና ይሸትሃል ማለት ነው» አለችኝ።

ያን ጊዜ እንጅባራን ኮሶበር ነበር የምንላት። ዛሬ ባጃጁ እንደ ጉንዳን የሚተራመስበት መንገድ ያን ጊዜ ፈረስ ታስሮ የሚውልበት ነበር፤ ክረምት ከገባ ጭቃው ጫማ ያወልቃል። ሻይ በዐሥር ሳንቲም ነው፤ ዳቦ ከጨመርክበት ስሙኒ። ሸራ ጫማ ያደረገ ሰው ሙሽራ ይመስል ነበር፤ እኔ የመጀመሪያ ደመወዜን ስቀበል ነጭ ሸራ ገዝቼ ሳምንት ሙሉ አቧራ እንዳይነካው በእጄ ይዤው ነው የዞርኩት። ሴቶቹ ናይለን ሻሽ መጣ ብለው ያበዱበት ጊዜ ነው፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ባለአበባ። ጠዋት በብርድ ሰዓት ሻሹን ከፀጉራቸው ላይ ሲገፉት ብልጭ ብልጭ እያለ ይንጣጣል፤ እነሱ በዚያ ይስቃሉ። ጥግ ላይ ካለው ሻይ ቤት የሬዲዮ ዘፈን ይሰማል፤ ባትሪው ሲደክም ዘፋኙ ቀስ በቀስ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ይንተባተብ ነበር። መንግሥቱ የትኛው ነበር? ተዉት። በየዘመኑ ካኪ የለበሰ አለቃ አይጠፋም፤ የእኔ ነገር ከእሱ ጋር ነው።

ወደ ጥሊሊ በሚወስደው መንገድ ዳር የድኝ መጋዘን ነበር። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ዛሬ የለም። ድኙ በትልልቅ ጆንያ በጭነት መኪና ይመጣል፤ እኛ ዘንድ በወንፊት ተነፍቶ፣ በሚዛን ተመዝኖ፣ በትንንሽ የወረቀት ከረጢት ታሽጎ ለገበሬው ይከፋፈላል። ለፈረስና ለበግ እከክ፣ ለበርበሬ በሽታ። የመጋዘኑ ግድግዳ ድንጋይ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። የእንጅባራ ብርድ የታወቀ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ቆርቆሮው እያላበ ድኙ ላይ ይንጠባጠባል። ለዚያ መላ ተብሎ ከቆርቆሮው ሥር የቀርከሃ ኮርኒስ ተሠራ። ሥራው የሚያምር ነበር፤ ጥርባ ሐይቅ አካባቢ ያሉ ሰዎች ናቸው የሠሩት። ግን ቀርከሃ ቀዳዳ ነው፤ ድኙ በተነፋ ቁጥር ብናኙ ወደ ላይ ይወጣና እዚያው ያድራል። በዓመቱ ከኮርኒሱ ላይ የተኛው ብናኝ የእጅ ጣት ያህል ነበር። ከሥሩ ዐሥራ ሁለት ሴቶች ዓይናቸው እንደ በርበሬ ቀልቶ ይሠሩ ነበር። እኔ ንብረት ጠባቂም ጸሐፊም ነበርኩ፤ እጅ ጽሑፌ ያምራል ይባልልኝ ነበር፤ ወዮ ለእሱ።

ስለ አሠራራቸው ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነውና። ለከረጢቱ ማጣበቂያ የሚሆን የዱቄት ሙጫ በአንድ የከሰል ማንደጃ ላይ ይቀቀላል፤ በዚያ ብርድ ወዲያው ስለሚረጋ እሳት ላይ መቀመጥ አለበት። ማንደጃው ጥግ ላይ ነው። ሴቶቹ ታዲያ አንድ ሕግ ነበራቸው። ከመጥረጋቸው በፊት ማንደጃውን ወደ ውጭ ያወጡታል፤ ቀጥሎ ወለሉን በጣሳ ውሃ ያርከፈክፉታል፤ ከዚያ በኋላ ነው መጥረጊያ የሚነሳው። ይህን ማንም ባለሙያ አላስተማራቸውም። የአገራችን ሴት የአፈር ወለል ያለውን ቤቷን ውሃ ሳትረጭ አትጠርግም፤ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው ልማድ ነው። ሕጉን መጋዘን ውስጥ ያስገባችው እናንየ ናት። «አቧራ ቤቴ ውስጥ ዓይን ያጠፋል፤ ይኸ ደግሞ ከአቧራም የከፋ አቧራ ነው፤ እሳት ይወዳል» ትል ነበር። እንዴት አወቀች? አንድ ቀን ትንሽ ድኝ ማንደጃው ላይ ብን ብሎባት ቅንድቧን ለብልቧት ነበር። ለእሷ ያቺ ቅንድብ በቂ ትምህርት ነበረች። ጓደኛዋ ትሁን ደግሞ ዘፈን አወጣችለት፤ ትሁን የጥርባ ልጅ ናት፣ አፏ ሥራ የማይፈታ፣ ሳቂታ። ጣሳውን እያንኳኳች ትቀበላት ነበር፦

አርከፍክፊ እቴ ውሃ አርከፍክፊ፣
ደረቅ ቤት ጠርገሽ ዓይን አታጥፊ።

ሁለቱ አንድ ጎጆ ተከራይተው አንድ ቁርበት ላይ የሚተኙ፣ አንዷ የታመመች ቀን ሌላዋ የማትበላ ነበሩ። በአገሬው ቋንቋ በአውኚ ሲንሾካሾኩና ሲስቁ አለቃው እሱን የሚያሙት እየመሰለው ይቆጣ ነበር፤ አንዳንዴም አልተሳሳተም።

አለቃችን አቶ ዘውዱ ይባላል። ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ የሚሰካ፣ ካኪ ኮቱን በተኮሰ ቁጥር መስተዋት የሚፈልግ። ክፉ ነበር ወይ? ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ሰው ይሸሻል። እሱ ሥራ ወዳድ ነበር። ከወለል የተጠረገው ድኝ አይጣልም፤ እንደገና ተነፍቶ ከረጢት ይገባል። ውሃ ከነካው ግን ይጓጉላል። አቶ ዘውዱ ይህን ሲያይ እንደ እብድ ሆነ። «እናንተ ሴቶች የሕዝብ ንብረት በውሃ ታቦካላችሁ!» አለና ውሃ መርጨት ከለከለ። ሴቶቹ ግን እሱ ዘወር ሲል ይረጩ ነበር፤ ጠጅ እንደሚደብቅ ሰው ጣሳውን በቀሚሳቸው ሥር ይደብቁት ነበር። ይህን ሲደርስበት ወደ እኔ መጣ። «የውሃው በርሜል ያለበትን ክፍል ቆልፍ። ቁልፉ አንተ ኪስ ይደር» አለኝ። ቆለፍኩ። ምን ተናገርክ ብትሉኝ «እሺ ጌታዬ» ነው ያልኩት።

ከላይ እንግዶች ሊመጡ ነው ተባለ። ይህች አገር እንግዳ ይመጣል ሲባል የምትሆነውን ታውቃላችሁ፤ ዓመት ሙሉ ያልታየ ቆሻሻ በአንድ ቀን ይታያል። ለሴቶቹ አዲስ ናይለን ሻሽ ተሰጣቸው፤ ሁሉም ቢጫ፣ ከድኙ ጋር እንዲመሳሰል። ወሩ ኅዳር ነበር መሰለኝ፤ ሜዳው ውርጭ ለብሶ ነጭ ሆኖ ነበር። እንግዶቹ አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ተብሏል። አቶ ዘውዱ በማለዳ ገብቶ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ፤ ያን ቀን ገና ያየው ይመስለኛል። በቀርከሃው መሐል ድኙ እንደ ጥቀርሻ ተንጠልጥሏል።

«ይህን አራግፉት» አለ።

እናንየ ሙጫ እያማሰለች ነበር። ተነሥታ ቆመች። «እሺ ጌታው። መጀመሪያ እሳቱን እናውጣ፤ ወለሉን ውሃ እንርጭበት፤ ወንፊቱንም እንሸፍን። ከዚያ እናራግፈዋለን።»

«ከረጢቱ እኮ አልታሸገም! ሙጫው ይቀጥል። ውሃ የምትይኝን ደግሞ አልሰማሁም።»

«ጌታው፣ ይኸ ነገር እኮ ሲበን እሳት ይጠራል። እኔን አንዴ ለብልቦኛል።»

«አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? ፈሪ ከሆንሽ ቤትሽ ግቢ፤ ሥራ ፈላጊ ሞልቷል።»

እናንየ ወደ እኔ ዞረች። «ይበልጣል፣ ቁልፉን ስጠኝ። አንድ ጣሳ ብቻ።»

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄን አስገብቼ ያዝኩት፤ ብረቱ በረዶ ነበር። ከዚያ አቶ ዘውዱን አየሁት፣ እሱም አየኝ፣ እጄን ባዶውን አወጣሁ። ያን ቀን ያደረግሁት ይኸው ነው። ስንት ዘመን አለፈ፣ ስንት መንግሥት ተለወጠ፣ ያ የብረት ብርድ መዳፌ ላይ አለ።

እናንየ የቀርከሃ መሰላል አቆመችና ወጣች። ትሁን ከሥር መሰላሉን ያዘችላት። ሌሎቹን እናንየ እንደ ቀልድ «እናንተ ውጭ ውጡና ለእንግዶቹ በሩን ጥረጉ» ብላ አስወጣቻቸው፤ ይህን ብልሃቷን ማንም ወረቀት ላይ አላሰፈረውም። በረጅሙ መጥረጊያ ኮርኒሱን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ መታች። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ፤ አቶ ዘውዱ እንግዶቹን ሊቀበል ወደ መንገዱ ወጥቶ ነበር። ቤቱ ቢጫ ሆነ፤ እናንየም ትሁንም አይታዩም፤ የትሁን ሳል ብቻ ይሰማል። ከዚያ «ዉፍ» የሚል ድምፅ መጣ። የፈንጂ ዓይነት አይደለም፤ ግዙፍ ሰው ሻማ ሲያጠፋ የሚተነፍሰውን ይመስላል። ቆርቆሮው ተነሥቶ ተመልሶ ተቀመጠ፤ እኔን ከበሩ መንገዱ ላይ ጣለኝ። ቀጥሎ የሚያንቀው ጢስ ወጣ። ክምር ድኝ ላይ ክብሪት ብትጥሉ ቀስ ብሎ በሰማያዊ ነበልባል ይነዳል፤ ሸሽታችሁ ታመልጣላችሁ። ያው ድኝ ብን ብሎ አየሩን ሲሞላው ግን ቤቱ በሙሉ በአንድ እስትንፋስ ይያያዛል። ሴቶቹ ይህን ያውቁ ነበር። ጎረቤት እርጥብ ጋቢ ለብሶ ገብቶ ሁለቱንም ጎትቶ አወጣቸው። እናንየን ያ ቢጫ ናይለን ሻሽ አንገቷ ላይ ቀልጦባታል። የትሁንን አልነግራችሁም። በሦስተኛው ቀን አረፈች።

በአራተኛው ቀን ቢሮ ተሰበሰብን፤ አቶ ዘውዱ፣ ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች፣ እኔ። አቶ ዘውዱ ቃል በቃል ነገረኝ፣ እኔ በሚያምረው እጅ ጽሑፌ ጻፍኩ። «አደጋው የደረሰው ሠራተኛ እናንየ እሳት በነደደበት ክፍል ውስጥ ያለ ፈቃድ አቧራ በማራገፏ፣ በጥንቃቄ ጉድለት ነው። በዚህም የባልደረባዋ ሕይወት አልፏል።» ያለ ፈቃድ! እስክሪብቶው አልተሰበረም፣ እጄ አልሰነፈም። ከሥሩ ፈረምኩ፤ ስሜን እስከነአባቴ አስተካክዬ ጻፍኩ፤ ማኅተሙ ተመታ። ለምን ብትሉኝ ፈራሁ። ሚስቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የፈራ ሰው ምክንያት አያጣም። «የጥንቃቄ ጉድለት» የምትለዋን ነገር ከዚያ ወዲህ ስንት ቢሮ፣ ስንት ወረቀት ላይ እንዳየኋት እግዜር ይወቀው። ሰው በተቃጠለ ቁጥር የጥንቃቄ ጉድለት ነው። የማን ጉድለት? ሁልጊዜ የተቃጠለው ሰው። ውሃውን ያስቆለፈው ሰው ጉድለት የለበትም፤ እሱማ ኮቱ ንጹሕ ነው! አቶ ዘውዱ ብዙም ሳይቆይ አድጎ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ።

የባሰው ገና ነበር። ወረቀቱ ጥርባ ደረሰ፤ ለትሁን ቤተሰብ ተነበበ። በእኛ አገር የሰው ነፍስ በእጅሽ ጠፋ የተባለች ሰው ዝም ብላ አትኖርም፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ገዳይ ድንጋይ ተሸክሞ ከሟች ደጅ ወድቆ ይቅርታ ይለምናል። እናንየ ቁስሏ ሳይደርቅ ወሰዷት። እጆቿ በጨርቅ ተጠቅልለው ነበርና ድንጋዩን አንገቷ ላይ መያዝ አልቻለችም፤ አክስቷ ከኋላ ሆና እያለቀሰች ደገፈችላት። እንደ እህቷ ከምታያት፣ አንድ ቁርበት ከተጋራቻት ሴት ደጅ ተንበርክካ «ማሩኝ፣ ገደልኳት» አለች። እኔ አጥሩ ዘንድ ቆሜ ነበር። ሁሉንም አየሁ። «ማሩ» ተባለ፣ ቤተሰቡ ማረ፤ ነገር ግን ከዚያ በኋላ ማንም አብሯት ማዕድ አልቆረሰም። ለቅሶ ቤት ስትገባ ሴቶቹ ወሬ ያቆማሉ። በዓመቱ ኮሶበርን ለቃ ዳንግላ ገባች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔ ዝምታ ግን ነቅዞ ሆዴን በልቶታል።

እንግዲህ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ውስጥ ከእሷ ጋር ፊት ለፊት የተቀመጥኩት ይህን ሁሉ ይዤ ነው። ሐጂ ነገሩ ገብቷቸው ይሁን አይሁን ሁለት ብርጭቆ ሻይ አስመጡልንና ወደ ጓዳ ገቡ። እኔ ወዲያው ጀመርኩ። አቶ ዘውዱን ተራገምኩ። ዘመኑን ተራገምኩ። አለቃ የሚባል ዘር ሁሉ ይጥፋ አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ በመንገድ የሚያልፉት ዘወር እያሉ ያዩኝ ነበር። እናንየ ሻይዋን በሁለት መዳፏ ይዛ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ዘውዱ ሞቷል አሉ» አለችኝ። «እኔ ለሞተ ሰው ቂም የለኝም። አንድ ነገር ነው የምፈልገው። የትሁን ወንድም፣ ስማቸው፣ ገና በሕይወት አለ። እኔም አርጅቻለሁ፤ የእህቱ ገዳይ ተብዬ መቀበር አልፈልግም። ጥርባ ሂድና የሆነውን በአፍህ ንገረው። ወረቀቱን ማን እንዳስጻፈው፣ ውሃ ለምኜ እንደነበር፣ ቁልፉ የት እንደነበር።»

«እነግረዋለሁ። በማርያም እነግረዋለሁ።»

«ስንት ዘመን ጠበቅሁህ፤ እንጅባራ ሩቅ አይደለችም እኮ» አለችኝና ጌሾዋን ሰብስባ ወጣች።

ስመለስ ከሚኒባሱ መንገድ ላይ ወረድኩ። ምክንያቱ አለኝ። እንጅባራ ሳንደርስ ከመንገዱ ዳር አዲስ ቤት ተሠርቷል፤ በአካባቢያችን ገበሬው ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስል የለ፣ የከሰሉን ስብርባሪ እየፈጩ እንደ ኩበት የሚጠፈጥፉበት ቤት ነው። ባለፍኩ ቁጥር ከበሩ ጥቁር ጉም ሲወጣ አይ ነበር። ያን ቀን ማለፍ አልቻልኩም፤ ገባሁ። ወፍጮው ያጓራል። ምሰሶውና ማገሩ ላይ የተኛው ብናኝ ላይ በጣቴ ስሜን ጻፍኩበት፤ በደንብ ይነበባል። አንድ ሰው በደረቅ መጥረጊያ ይጠርጋል፤ ከእሱ ዐሥር እርምጃ ርቆ ሌላው ብረት ይበይዳል፣ ፍንጣሪው እንደ በዓል ርችት ይዘንባል። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ወንበር ሰጠኝ። የመጋዘኑን ታሪክ ነገርኩት።

«አባባ፣ ያ ድኝ ነው» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ይሄ እኮ የከሰል ዱቄት ነው። እሳት ማጥፊያም አለን።» አሳየኝ፤ ቀዩ እሳት ማጥፊያ ላይ ጃኬቱን ሰቅሎበታል።

«ድኝም ዱቄት ነው፣ ከሰልም ዱቄት ነው፣ የስንዴም ዱቄት ቢሆን ያው ነው! ሲበን ሁሉም እሳት ነው። ብየዳውን አስቁም። ጠራጊው ውሃ ይርጭ። ማገሩን በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ አስወልውል እንጂ አታስመታ።»

«ውሃ ምርቱን ያበላሽብናል፣ አባባ። ደግሞም ሠራተኞቹን ተጠንቀቁ ብለናቸዋል።»

ሰማችሁ? ተጠንቀቁ ብለናቸዋል! ወረቀቱ ከወዲሁ ተጽፎ ተቀምጧል ማለት ነው፤ የቀረው የሚቃጠለው ሰው ስም ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እያለ የሚተርት ሕዝብ ቅጠሉን ይዞ የሚመጣውን ሰው ለምን እንደ እብድ እንደሚያየው አይገባኝም። የምችለውን ያህል ጮኼ፣ ብየዳውን ለዚያች ሰዓት ብቻ አስቁሜ ወጣሁ። ወረዳም ሄጄ ተናግሬያለሁ፤ «እናየዋለን» ብለውኛል። እስኪያዩት ድረስ በየሳምንቱ እሄዳለሁ፤ ኔትወርክ የለም፣ ስብሰባ ላይ ናቸው ቢሉኝም በራቸው ላይ እቀመጣለሁ።

ጥርባ የሄድኩት በማግስቱ ነው። በባጃጅ የሚኬደውን ያህል ሄድኩ፤ የቀረውን በሐይቁ ዳር ባለችው የእግር መንገድ አዘገምኩ። አያ ስማቸው ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሰማንያን ያለፉ ይመስለኛል፤ ዓይናቸው ግን ጥሩ ነው፤ ከሩቅ አወቁኝ። ተሳለምን፤ ጠላ ቀረበልኝ፤ አልጠጣሁም። ቆሜ ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ኮርኒሱን፣ ማንደጃውን፣ እናንየ ስትለምን፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ እንደነበር፣ «ያለ ፈቃድ» የምትለዋን እኔ እንደጻፍኳት። አያ ስማቸው አንገታቸውን ደፍተው ሰሙኝ።

«አውቅ ነበር» አሉ ስጨርስ።

«ምኑን?»

«ትሁን ሦስት ቀን ተኝታለች አይደለም? በሁለተኛው ቀን አፏ ተከፍቶላት ነበር። ‹እናንየ ውሃ ለምና ከለከሏት፤ እሷን እንዳትነኳት› ብላኛለች። በአውኚ ነው ያለችኝ፤ ጆሮዬ ሥር።»

«ታዲያ አያ፣ ለምን ድንጋይ አሸከማችኋት?»

ቀና ብለው አዩኝ። «ወረቀቱ መጣ እኮ። ባለማኅተም ነው። እኛ የማናነበው ነው። እህቴ በትኩሳት ቀባዥራ ይሆናል አልን። ደግሞም ከወረቀቱ ሥር ያንተ ስም ነበረበት። ‹ይበልጣል የእኛው ልጅ ነው፣ አይዋሽም› አልኩ። ለሽማግሌዎቹ እንደዚያ ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ስንት ዘመን ሙሉ በአቶ ዘውዱ ስናደድ የኖርኩት እኔ፣ ሰዉ የሟችን ቃል ጥሎ ያመነው የእኔን ስም ኖሯል።

አያ ስማቸው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡ። ጋቢያቸውን አጣፉ፤ ጫማቸውን እንዲያቀብሏቸው ወደ ቤት ተጣሩ። «ለዳንግላ የመጨረሻው ሚኒባስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው?» አሉኝ።

«እስከ ዐሥራ አንድ ሰዓት አይጠፋም። ቆይ፣ ልደግፍዎ፤ አብሬዎ እመጣለሁ።»

«እሷን አግኝተሃታል ነው ያልከኝ?»

«አዎ፤ ሐጂ ኑሩ ሱቅ፣ ተቀምጠን ሻይ ጠጥተናል።»

«ይቅርታ ጠይቀሃታል?»

ሱቁ ውስጥ ያልኩትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። አቶ ዘውዱን መራገሜን፣ ዘመኑን መራገሜን፣ በማርያም መማሌን። ያቺን አንዲት ቃል ፈለግሁ፤ አላገኘኋትም።

«እንግዲያው አንተ ቅር» አሉኝ አያ ስማቸው። «በእኔ ተከልለህ አትገባም። እኔ ልቅደም፤ አንተ ለብቻህ ትሄዳለህ።» ምርኩዛቸውን እየተከሉ በእግር መንገዷ ወረዱ። እኔ ደጃቸው ላይ ቆሜ ቀረሁ።